የቆየ ኦሲሎስኮፕ አልነሳ ሲል

ቴክትሮኒክስ 465 በጣም የምወደው ኦሲሎስኮፕ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሲግናልን በስክሪን ላይ የሚያሳይ መሣሪያ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የወጣ፣ 100 ሜጋኸርትዝ የሚያይ። የእኔው አንድ ማታ ጭራሽ አልበራ አለ።

መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅላችሁ ጠብቁ። የስክሪኑ ክፍል በሺህ የሚቆጠር ቮልት አለው፤ ከተነቀለም በኋላ ይይዛል። በዚህ አትቀልዱ።

ከዚያ ቴስተሩን ኦም (ሬዚስታንስ መለኪያው) ላይ አድርጉና አምስቱን የኃይል መስመሮች ከግራውንድ (ከጋራው ዜሮ ነጥብ) ጋር ለኩ፦ 110፣ 55፣ 15፣ 5 እና ኔጌቲቭ 8 ቮልት። ንባቡ ወደ ዜሮ ኦም የወረደው መስመር ላይ ሾርት አለ፤ ማለትም ከግራውንድ ጋር በቀጥታ ተገናኝቷል። የእኔ 15ቱ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛዋ ባቄላ የምታክል የታንታለም ካፓሲተር (ቻርጅ የምትይዝ አካል) ናት፤ ዕድሜ ይጎዳታል። አንድ እግሯን ብቻ አንሱና ድጋሚ ለኩ። ሾርቱ ከጠፋ አገኛችኋት። እኔ እስከ 35 ቮልት በምትችል ተካኋት። ኔጌቲቭ 8 ላይ ግን ፖዘቲቭ እግሯ ወደ ግራውንድ ነው፣ አደራ! ከተገለበጠች ልትፈነዳ ትችላለች።

መለዋወጫ የለም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የሚያስፈራው የፋብሪካው ቁጥር ነው። 151-0190-00 የተባለው ትራንዚስተር ያው ተራው 2ኤን3904 ነው፤ 151-0188-00 ደግሞ 2ኤን3906። የስክሪን ቱቦውና ፋብሪካው ለራሱ ያሠራቸው አይሲዎች (ቺፖች) ግን ሱቅ አይገኙም። ለእነሱ ሌላ የሞተ 465 ፈልጉ። እኔ አንዱን አልጋ ሥር አስቀምጫለሁ።