ሜገሩ ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ሲያሳይ፦ ኬብሉን ከመቆፈር በፊት

አንድ ሐምሌ ላይ መሬት ውስጥ የተቀበረ ኬብል ለካን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሜገሩ (የኬብል ሽፋን ኮረንቲ እንዳይሾልክ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚለካው መሣሪያ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጥሩ ነው) 6 ሜጋ ኦም አሳየ። ከቀኑ 8 ሰዓት ስንደግመው ከ300 አለፈ። የቤቱ ባለቤት ቆፋሪ ጠርተው ነበር። ኬብሉ ግን ደህና ነበር። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ጫፉን ሳናጸዳ ነው የለካነው።

ከሁሉም በላይ የማየው ስህተት ይሄ ነው። የኬብል ጫፍ ጭቃና አቧራ ይይዛል። ክረምት ጠዋት ላይ እርጥበት ይጨመርበታል። ያ ስስ እርጥበት ለኮረንቲ መንገድ ይሆነዋል፤ ሜገሩም ሽፋኑን ትቶ ቆሻሻውን ይለካል። ጫፉን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ሽቦዎቹን ለያዩአቸው፣ ግድግዳም መሬትም አታስነኳቸው። አሮጌ ናስትሮ ካለ ላጡት፣ ሥሩ ውሃ ያቁራል። ከዚያ ድጋሚ ለኩ። ቁጥሩ ዘሎ ከወጣ ችግሩ ጫፉ ላይ ነበር ማለት ነው። ሜገራችሁ የጋርድ መሰኪያ ካለው ደግሞ ራቁት ሽቦ በሽፋኑ ዙሪያ ጠምጥማችሁ ከሱ ጋር አገናኙት። በሽፋኑ ላይ የሚሾልከው ኮረንቲ ከልኬቱ ይወጣል።

ሁለተኛው መቸኮል ነው። ረጅም ኬብል እንደ ካፓሲተር ኮረንቲ ይሞላል። ስለዚህ ቁጥሩ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ ይወጣል። አንዱ በ5 ሰከንድ፣ ሌላው በ1 ደቂቃ ካነበበ መቼም አይስማሙም። ሁልጊዜ በ60ኛው ሰከንድ ያለውን መዝግቡ። ከመድገማችሁ በፊትም ኬብሉ ውስጥ የተጠራቀመውን ኮረንቲ አራግፉት፤ ቢያንስ ከለካችሁበት ጊዜ 4 እጥፍ ቆዩ። የተረፈው ኮረንቲ ቀጣዩን ልኬት ያበላሻል። እጅም ይመታል፤ እባካችሁ ይህን አትናቁት።

ቮልቱን መቀያየርም አለ። ዛሬ በ500፣ ነገ በ1000 ለክቶ ማወዳደር አይሆንም። ለተለመደው የ220 ቮልት የቤት መስመር በ500 ቮልት ዲሲ ይለካል። የአይ ኢ ሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደረጃ አውጪ ድርጅት) ዝቅተኛው ወሰን 1 ሜጋ ኦም ነው።

ሙቀትና ርዝመት ብዙ ሰው ያስደነግጣሉ። በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ልኬቱ በግማሽ ይወርዳል። ርዝመትም እንዲሁ፦ 100 ሜትሩ 400 ሜጋ ኦም ያሳየ ኬብል 1 ኪሎ ሜትር ሲሆን ወደ 40 ይወርዳል። ኬብሉ አልተበላሸም። ከቁጥሩ ጎን ሙቀቱንና ርዝመቱን ጻፉ።

መስመሩ ላይ የተረሳ ዕቃም ያሳስታል። አምፖል፣ መብራት ያላት ማብሪያ፣ ከመብረቅ መከላከያ፣ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) ላይ እንደታሰረ የቀረ ኒውትራል (የኮረንቲ መመለሻ ሽቦ)። ሁሉንም ንቀሉ። 500 ቮልት ኤሌክትሮኒክስ ሊያቃጥል ይችላል።

የሜገሩን ገመዶች ራሳቸውን መፈተሽ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ኬብሉ ላይ ሳታስሯቸው አየር ላይ አራርቃችሁ ለኩ፤ ቁጥሩ ከሜገሩ ልክ ማለፍ አለበት። አንድ ላይ ስታነካኩ ዜሮ ይበል። ካልሆነ ገመዱን ቀይሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቁጥሩ ከወረደ አሁን ኬብሉን ጠርጥሩ። መጀመሪያ መቀጠያው ጋ ሂዱ። ፍቱትና ግራና ቀኙን ለየብቻ ለኩ። መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ካገኛችሁት ውሃው የገባው እዚያ ነው።