ማርሚታ ማስጮህ ከአደጋ ያድናል? ሞተረኞች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

«ካልጮኽክ መኪናው አያይህም» የሚለውን ወሬ ያልሰማ ሞተረኛ የለም። አሜሪካኖቹማ መፈክር አድርገውት ጃኬታቸው ላይ ሳይቀር ይለጥፉታል፤ የሚጮህ ማርሚታ (የሞተሩ ጭስ ማውጫ) ነፍስ ያድናል ይላሉ። እኛ ጋ መፈክሩ የለም እንጂ ሥራው አለ። ሞተሩ ጋራዥ ይገባል፣ ድምፅ የሚያፍነው የማርሚታው ሆድቃ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ማን ስንት ሰዓት ቤቱ እንደገባ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጎረቤት ሲያማርር መልሱ አንድ ነው፤ «ለደህንነቴ ነው»። እሺ፣ ደህንነቱን እንየዋ።

«ከፊቴ ያለው ሹፌር ይሰማኛል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። የማርሚታ አፍ ወደ ኋላ ነው። ድምፁ በጣም የሚጎላው እናንተ አልፋችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ነው። አደጋው ደግሞ የሚመጣው ከፊት ነው።

ይሄ ግምት አይደለም። ሃሪ ኸርት የሚባሉ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሎስ አንጀለስ አካባቢ ወደ 900 የሚጠጉ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መርምረው ውጤቱን በ1981 እ.ኤ.አ. አወጡ። ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው አደጋዎች በሁለት ሦስተኛው ጥፋተኛው የሞተረኛውን ቅድሚያ የነጠቀው ሹፌር ነበር። የተለመደው አደጋ ደግሞ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ መንገድ መዝጋቱ ነው፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ የዋለ ሰው የሚያውቀው ነገር። ለሞተረኛው አደጋ ከሆኑት ነገሮች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ከፊቱ ወይም ከፊቱ ትንሽ ግራና ቀኝ የነበሩ ናቸው። ከኋላ የመጣው በጣም ጥቂት ነው። ማለትም ማርሚታችሁ አደጋ በሌለበት በኩል እየጮኸ ነው።

ሰዓቱንም አስቡት። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የምትሄዱ ከሆነ በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ትጓዛላችሁ። በዚያው ጥናት እንደታየው አደጋው ከተጀመረ በኋላ ሞተረኛው አንድ ነገር ለማድረግ የሚኖረው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። በዚህ ውስጥ ሹፌሩ ሰምቶ፣ የት እንዳላችሁ ገምቶ፣ ዞር ብሎ አይቶ፣ ፍሬን ይይዛል?

መኪናው ውስጥ ምን እንደሚሰማ አለማወቅ

መስኮቱ ተዘግቷል፣ ሙዚቃ ተከፍቷል፣ ስልኩም ይኖራል። ቀጭን ድምፅን መስታወቱና ቆርቆሮው ይመልሱታል። ወፍራሙ ጉምጉምታ ይገባል፣ ግን ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለመለየት የሚያስቸግረውም እሱው ነው። ሹፌሩ «አንድ ቦታ ሞተር አለ» ብቻ ይላል። እናንተ በቀኝ ሆናችሁ በግራው ስፔኪዮ ሊፈልጋችሁ ይችላል።

እውነቱን ለመናገር የሚጠቅምበት ቦታ የለም አይባልም። ትራፊክ ተጨናንቆ መኪኖች ቆመው፣ መስኮት ተከፍቶ፣ እናንተ በመሀል ሾልካችሁ ስታልፉ አጠገባችሁ ያለው ይሰማችኋል። ግን ለዚያ ክላክስ አለ። ክላክስ ድምፁ ወደ ፊት ነው፣ የሚጮኸውም ስትፈልጉ ብቻ ነው። (ከተማችን ውስጥ ክላክስ ሰላምታም፣ ስድብም፣ «ነይ ውጪ»ም ሆኗል። እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

ለመሰማት እየከፈሉ ለመታየት መሰሰት

ጥቁር ሄልሜት፣ ጥቁር ጃኬት፣ ጥቁር ሞተር፣ የፊት መብራት የጠፋ፣ ማርሚታው ግን መንደር ያፈርሳል። ይሄን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን።

ኒውዚላንድ ኦክላንድ ውስጥ ተሠርቶ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አደጋ የደረሰባቸውንና ያልደረሰባቸውን ሞተረኞች አነጻጽሮ ነበር። የሚያንጸባርቅ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱት የጉዳት ዕድላቸው በ37 በመቶ ያነሰ ነበር። ቀን ላይ የፊት መብራት ያበሩት በ27 በመቶ፣ ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ደግሞ ጥቁር ካደረጉት በ24 በመቶ። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ማርሚታ ከማስቀየር በጣም ይረክሳል፣ መብራት ማብራት ደግሞ በነጻ ነው። ሹፌር ብዙ ጊዜ ወደ እናንተ እያየ ነው የማያያችሁ፤ ሞተር ቀጭን ነው፣ ከሩቅ ሲመጣ ፍጥነቱን ለመገመትም ያስቸግራል።

ሄልሜቱን ክንዳችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ስለ ደህንነት የምታወሩ ደግሞ፣ ብትተዉት ይሻላል። በትክክል የታሰረ ሄልሜት የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል።

«ጉልበት ይጨምራል»

አይጨምርም፤ ድምፁ ሲጨምር ፍጥነትም የጨመረ ይመስላል እንጂ። ካርቡራተሩ ሳይስተካከል ማርሚታ ብቻ ከተቀደደ የነዳጅና የአየር መጠኑ ሊዛባ ይችላል። ማርሚታው መተኮስ ይጀምራል፣ ሞተሩም ሊግል ይችላል።

የራስን ጆሮ መርሳት

ቀኑን ሙሉ ዕቃ የምታደርሱ ልጆች ይቺን በደንብ አንብቡ። የ85 ዲሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) ድምፅ ጆሮን ሳይጎዳ ሊሰማ የሚችለው ለስምንት ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በላይ በየሦስት ዲሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዲሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የተቀደደ ማርሚታ ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ጎረቤት አይደለም፣ እናንተ ናችሁ። በዚያ ላይ ረጅም መንገድ ስትነዱ ሄልሜት ውስጥ የሚያፏጨው ንፋስ አለ። ጆሮው የደነዘዘ ሞተረኛ የአምቡላንስ ሳይረን ከኋላው ሲመጣ አይሰማም። ይሄ ከደህንነት ጋር እንዴት እንደሚሄድ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

«ሰው ይለምደዋል»

ጆሮ የለመደ ይመስላል፣ ሰውነት ግን አይለምድም። ሰው ባይነቃም እንኳ እንቅልፉ ይረበሻል፣ የልብ ምቱ ይጨምራል። የፓሪስን ድምፅ የሚለካው ብሩዊፓሪፍ የሚባለው ተቋም በሌሊት ፓሪስን የሚያቋርጥ አንድ የተቀደደ ስኩተር እስከ 10,000 ሰው ሊቀሰቅስ እንደሚችል ገምቷል። አንድ ስኩተር ነው!

እኛ ጋ ደግሞ ፈረስ አለ። ጋሪ በሚበዛባቸው ከተሞች በአንድ የተበረገገ ፈረስ ምክንያት መንገዱ ሁሉ እንዴት እንደሚተራመስ ያየ ሰው «ለደህንነቴ ነው» የሚለውን አፉን ሞልቶ አይናገርም።

መዘዙ ለሌላው ሞተረኛ እንደሚተርፍ አለማሰብ

በ2020 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያዋ ቲሮል በአንዳንድ የተራራ መንገዶቿ ላይ ቆሞ ሲለካ ድምፁ ከ95 ዲሲቤል በላይ የሆነ ሞተር በአውሮፓ በጋ እንዳያልፍ ከለከለች። ክልከላው ማርሚታውን የቀደደውን ብቻ አልነካም። ከፋብሪካው እንደወጣ በሕጋዊ ሰነድ የሚነዳውም ሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር ከ95 ካለፈ ተመለሰ። ፈረንሳይ ደግሞ በ2022 ድምፅ የሚለካ ራዳር መሞከር ጀምራለች።

አዲስ አበባም ሞተር ተከልክሎ ነበር፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ። ምክንያቱ ጩኸት ሳይሆን ዝርፊያ ነበር። ቢሆንም የዘረፈውም፣ በሞተሩ ልጅ የሚያሳድገውም አብረው ነው የቆሙት። ሰው ሞተር በሰማ ቁጥር ፊቱን የሚያጨማድድ ከሆነ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲመጣ የሚከራከርላችሁ አይኖርም።

«ታዲያ ኤሌክትሪኩስ?»

ይሄ ጥያቄ ተገቢ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ሞተር እግረኛ ላይ ድንገት ሊደርስበት ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ድምፅ እንዲያሰሙ አውሮፓ መፍትሔ አድርጋ ያወጣችው ሕግ ግን ምን ያህል ልከኛ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ድምፁ የግድ የሚሆነው እስከ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስ ነው፣ ጣሪያውም 75 ዲሲቤል ነው። እግረኛ እንዲሰማ የሚያስፈልገው ይሄው ነው።

«ሰምቶኛል» ብሎ መንዳት

ከሁሉም የምፈራው ይሄንን ነው። የሚጮህ ማርሚታ ያለው ሰው መስቀለኛ መንገድ ላይ ፍጥነት አይቀንስም፣ ተሰምቻለሁ ብሎ ስለሚያምን። እናንተ ማንም እንዳልሰማችሁና እንዳላያችሁ አድርጋችሁ ንዱ። ከፊት ወደ ግራ ለመታጠፍ የቆመ መኪና ስታዩ ጋዙን ቀንሱ፣ ጣታችሁ ፍሬኑ ላይ ይሁን። ከትልቅ መኪና ኋላ ተጣብቃችሁ አትምጡ፣ ይሸፍናችኋል። የሹፌሩን ዓይን አትመኑ፣ እያያችሁም ላያያችሁ ይችላል። ይልቅ የፊት ጎማውን እዩት። ሹፌሩ ከመወሰኑ ጋር ጎማው መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ፍሬን የምትይዙትም ያኔ ነው።