ዳታው ገብቷል፤ ግን ይነበባል? የዩኒቨርሲቲ ማከማቻ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ለክሊራንስ የሚሯሯጡ ተመራቂዎች ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚመጡት ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ሳምንት ነው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፒዲኤፍ ያስረክባሉ፤ ጽሑፉ የቆመበትን ዳታ ግን ወይ በፍላሽ ዲስክ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ወይ እንደ ነገሩ ጠቅልለው ሪፖዚተሪው (የዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማከማቻ) ላይ ይጭኑታል። ከዓመት በኋላ ሌላ ተማሪ ያንኑ ፋይል ከፍቶ ምንም ሊረዳው ሳይችል ሲቀር አይቻለሁ። ልፋቱን ስለማውቀው በጣም ያሳዝነኛል። ደጋግመው የገጠሙኝን ችግሮች ከነመፍትሄያቸው እነሆ።

አማርኛው ተበላሽቶ ሲከፈት

የቃለ መጠይቅ መልሶች ያሉበት የሲኤስቪ ፋይል (ሰንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ ፋይል) በኤክሴል ሲከፈት በፊደላችን ፋንታ ሌላ ነገር ያሳያል። ከመደንገጥዎ በፊት ያ ሌላ ነገር ምን እንደሚመስል በደንብ ይመልከቱ፤ የችግሩ ምክንያት የሚታወቀው ከመልኩ ነው።

ነጥብና ጭረት የተጫነባቸው የላቲን ፊደላት ቅልቅል ከሆነ ፋይሉ ጤነኛ ነው። የተቀመጠው አማርኛን በሚይዘው የፊደል ኮድ በዩቲኤፍ-8 ሆኖ ሳለ ኤክሴል በሌላ የፊደል ኮድ አንብቦታል ማለት ነው። ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርገው አይክፈቱት። ባዶ የኤክሴል ገጽ ይክፈቱ፤ ዳታ ከሚለው ትር ከጽሑፍ ፋይል ማስገቢያውን ይምረጡና የፊደል ኮዱን 65001 ዩቲኤፍ-8 ያድርጉት። አማርኛው ይመለሳል።

የሚታየው የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ፋይሉ ቀደም ሲል ተራውን የሲኤስቪ ምርጫ በመጠቀም ተቀምጧል፤ በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ተተክቷል። ከዚያ ፋይል የሚመለስ ነገር የለም። ወደ መጀመሪያው የኤክሴል ፋይል ወይም መረጃው ወደተሰበሰበበት ፕሮግራም (ለምሳሌ ኮቦ ቱልቦክስ) ተመልሰው እንደገና ያውጡት፤ ሲያስቀምጡም ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ይምረጡ። ዋናውን ፋይል የሰረዘ ተመራማሪ ዳታውን አጥቷል። ስለዚህ ዋናውን ቅጂ እስከ መጨረሻው አይንኩት።

ሦስተኛም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ይሆናሉ። የቆየ የመስክ ማስታወሻ የሚያስገቡ መምህራን ይህንን ይጠንቀቁ። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ሳይጠፋ ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ ያስቀይሩ፤ ለማመሳከሪያም ፎንቱ አብሮት የተካተተ የፒዲኤፍ ቅጂ ያያይዙ።

ቀኖቹ ሲምታቱ

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሳያሳይ ያልፋልና። መረጃ ሰብሳቢው በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 2013ን 5/13/2013 ብሎ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ ኤክሴል ወርን ከቀን አስቀድሞ ስለሚያነብ ሜይ 13 ቀን 2013 አድርጎ ይይዘዋል። ትክክለኛው ቀን ግን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2021 ነበር። የስምንት ዓመት ስህተት ሆነ ማለት ነው። የካቲት 29 ደግሞ 29/6 ተብሎ ሲጻፍ 29ኛ ወር ስለሌለ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ሆኖ ከአንድ ዓምድ ውስጥ ገሚሱ ቀን፣ ገሚሱ ጽሑፍ ይሆናል።

ዓምዱን ሰፋ አድርገው ይመልከቱት፤ አሰላለፉን ካልነኩት፣ ወደ ቀኝ የተጠጉት ኤክሴል ቀን ያደረጋቸው፣ ወደ ግራ የቀሩት ጽሑፍ የሆኑት ናቸው። ሁለቱም ከታዩ ችግሩ አለ። መጀመሪያ የተጻፈበትን የኮምፒውተር አጻጻፍ ካወቁ ማቃናት ይቻላል፦ ቀን የሆኑትን በዚያው በአሜሪካ አጻጻፍ ሲያሳዩአቸው ሰብሳቢው የጻፋቸው ቁጥሮች ተመልሰው ይታያሉ። ከዚያ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ያስፍሩ፤ በአራተኛው ዓምድ የፈረንጆቹን አቻ ከዓመት ጀምረው 2021-09-10 እያሉ ይጻፉ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ለማለት 3:00 ተብሎ የተጻፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተወስዶ የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ሆኖ እንዳይነበብ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይግለጹ።

ጭነቱ መሃል ላይ ሲቋረጥ

መብራት ወይም ኔትወርክ ሲሄድ በድረ ገጽ የሚጫን ትልቅ ፋይል ብዙ ጊዜ ከቆመበት አይቀጥልም። ፋይሉን በትርጉሙ ይከፋፍሉት፤ በወረዳ ወይም በመረጃ ማሰባሰቢያ ዙር። በዚፕ ፕሮግራም የተቆራረጠ ፋይል አንዱ ክፍል ከጠፋ ሙሉው አይከፈትም። በጣም ትልቅ ከሆነ በሃርድ ዲስክ ይዘው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይሂዱ፤ ባለሙያዎቹ በቀጥታ ከሰርቨሩ ላይ ሊያስገቡት ይችላሉ።

ፋይሉ ተመላሽ ሲደረግ

የተሳታፊዎች ማንነት ስለሚታወቅበት ፋይሉ ሲመለስለት፣ ስም ሰርዣለሁ ብሎ የሚከራከር ተመራማሪ ብዙ ነው። ነገር ግን ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ ሥራና የልጆች ቁጥር በአንድ መስመር ላይ ሲሰለፉ በዚያ ቀበሌ ያለችውን ብቸኛ አዋላጅ ነርስ ጎረቤቷ ሁሉ ያውቃታል። የቤት ለቤት ጥናት የጂፒኤስ ነጥብማ የበሯን አቅጣጫ ያሳያል። ቀበሌውን ወደ ወረዳ ወይም ዞን ያሳድጉ፣ ዕድሜን በእርከን ይመድቡ፣ ጂፒኤሱንና ስልኩን ያውጡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ሕጋዊ ግዴታንም የሚነካ ነገር ሆኗል።

ተሳታፊው የፈረመበት የስምምነት ቅጽ "ከተመራማሪዎቹ በቀር ማንም አያየውም" የሚል ከሆነ ቃል ተገብቷልና ዳታው አይከፈትም። ቢሆንም ከማስገባት አያግድም፤ መግለጫው ለሁሉም እንዲታይ፣ ፋይሉ ግን በፈቃድ ብቻ እንዲሰጥ ተደርጎ ይቀመጣል። ለሚቀጥለው ጥናት ቅጹን ሲያዘጋጁ፣ ማንነትን የማይገልጸው ዳታ ለሌሎች ተመራማሪዎች እንዲጋራ ፈቃድ ይጠይቁበት።

ፋይሉ ተከፍቶ ትርጉም ሲያጣ

ኤስፒኤስኤስ ከተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ወደ ሲኤስቪ የወጣ ፋይል የኮዶቹን ፍቺ አብሮት ላይዝ ይችላል። 1 ሴት ይሁን ወንድ፣ 99 ዕድሜ ይሁን "አልመለሰም"፣ አንባቢው መገመት አለበት። የእያንዳንዱን ዓምድ ፍቺ፣ መለኪያና ኮድ የሚዘረዝር የጽሑፍ ሰነድ አብረው ያስገቡ፤ መጠይቁንም በተጠየቀበት ቋንቋ ያያይዙ።

ስምዎ ሲፈለግ ሲጠፋ

ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ሰው በአንዱ ሥራ በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ተመዝግቦ ሁለት ደራሲ ይሆናል። ኦርኪድ የተባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪዎች መለያ በነፃ ያውጡና በየሥራዎ ያስገቡት፤ የስምዎን የላቲን አጻጻፍም አንዴ ወስነው አይቀያይሩት።

ሊንኩ አልከፈት ሲል

በመጽሔት ላይ የታተመው የዳታ አድራሻ አይሠራም እንበል። በአድራሻው ውስጥ ያለው መለያ ቁጥር በ123456789 ከጀመረ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ይህ ዲስፔስ የተባለው የሪፖዚተሪ ሶፍትዌር ሲጫን ይዞት የሚመጣው የሙከራ ቁጥር ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የራሱን አላስመዘገበም። ማስመዝገብ የተቋሙ ሥራ ስለሆነ ቤተ መጻሕፍቱን በደብዳቤ ይጠይቁ። እስከዚያው በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት በሰርን የሚተዳደረው ዜኖዶ የተባለ የዳታ ማከማቻ ለአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት በነፃ ይቀበላል፤ ዲኦአይ የተባለውን ቋሚ መለያ አድራሻም ይሰጣል። ዲኦአዩ ሥራ የሚጀምረው መዝገቡ ሲታተም ስለሆነ፣ በረቂቅ ደረጃ የተያዘውን ቁጥር ለመጽሔት ከላኩ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት መዝገቡን ማተምዎን ያረጋግጡ። ያንኑ አድራሻ በዩኒቨርሲቲዎ መዝገብ ላይ ያስፍሩት፤ ከዚያም ከግቢው ኔትወርክ ውጭ ሆነው በስልክዎ ከፍተው ይሞክሩት።