የመኪናችሁ ኤሲ አላቀዘቅዝ ሲል፦ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት እነዚህን እዩ

ብዙ ሰው የመኪናው ኤሲ አላቀዘቅዝ ሲለው በቀጥታ ጋዝ ወደሚሞላበት ነው የሚሄደው። ይሞላል፣ ለጥቂት ሳምንት ደህና ይሆናል፣ ከዚያ ያው ነው። የኤሲ ጋዝ ግን እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ መስመር ውስጥ ይዞራል። ከቀነሰ የሚወጣበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ያ ቦታ ሳይገኝ መሙላት ብር መጣል ነው። ካልቀነሰ ደግሞ ጥፋቱ ሌላ ጋ ነው፤ ብዙ ጊዜም ፊውዝ፣ ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ማብሪያ)፣ የተቃጠለ ሬዚስተር፣ የማይዞር ፋን ወይም በአቧራ የታፈነ ፊልተር ሆኖ ይገኛል። እነዚህን ቤታችሁ በር ላይ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ።

አዲስ አበባ ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብዙዎች ኤሲውን ለወራት አይነኩትም። ከዚያ ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ሲወርዱ ነው የሚያስታውሱት፣ ያኔ ደግሞ አይሰራም። የኮምፕረሰሩ (ጋዙን ጨምቆ የሚገፋው ክፍል) ዘይት ከጋዙ ጋር እየዞረ የጎማ ማሸጊያዎቹን ያረጥባል። ለረጅም ጊዜ ካልሰራ የዘንጉ ማሸጊያ ይደርቅና ጋዙ ቀስ እያለ ያመልጣል። ስለዚህ ክረምትም ቢሆን በሳምንት አንዴ ለ10 ደቂቃ ያህል አስነሱት፤ በዚያው የመስታወቱንም ጉም ያጠፋላችኋል።

ለምርመራው ርካሽ መልቲሜትር፣ የእጅ ባትሪና ትንሽ ቴርሞሜትር ይበቃል። ጥንቃቄው ግን ቀልድ አይደለም። ሞተር እየሰራ እጃችሁን፣ ነጠላችሁን ወይም ሰፊ እጅጌያችሁን ወደ ቺንጋውና ወደ ፋኑ አታስጠጉ፤ በአንዳንድ መኪና ፋኑ ሞተሩ ጠፍቶም በድንገት ሊነሳ ይችላል። የኤሲ ቱቦ ማያያዣ ደግሞ በምንም ምክንያት አትፍቱ። ጋዙ ሲወጣ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ቆዳን ይጎዳል፣ ዓይን ያጠፋል።

ነፋሱ የለም፣ ወይም የሚሰራው በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ ነው

በ1፣ በ2 እና በ3 ዝም ብሎ በ4 ላይ ብቻ የሚነፋ ከሆነ ብዙም አትጨነቁ፣ ሬዚስተሩ ነው። ዝቅተኛዎቹ ፍጥነቶች በሬዚስተር በኩል ያልፋሉ፣ ከፍተኛው በቀጥታ ይሄዳል። በብዙ ቶዮታዎች፣ ቪትዝንም ጨምሮ፣ ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዳሽቦርድ ኪስ ጀርባ፣ ነፋስ የሚሰጠው ሞተር አጠገብ ታገኙታላችሁ። ሁለት ብሎንና አንድ ሶኬት ነው። ሶኬቱ ቀልጦ ወይም ጠቁሮ ከሆነ እሱንም ቀይሩ፣ አለበለዚያ አዲሱም ይቃጠላል።

በየትኛውም ፍጥነት ካልነፋ መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። የተቃጠለ ከሆነ ባለ ተመሳሳይ አምፔር ተኩ። ትልቅ ፊውዝ ማስገባት ወይም በሽቦ ማያያዝ መኪና ያቃጥላል፣ ይሄን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የነፋስ ሞተሩ ተጣብቋል ወይም ሽቦ ተላጦ ብረት ነክቷል። ፊውዙ ደህና ከሆነ የነፋስ ሞተሩን በመፍቻ እጀታ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት። ከተነሳ ካርቦኑ አልቋል ማለት ነው፣ ዛሬ ቢሰራም ነገ ይቆማል።

ድምፁ አለ ግን ነፋሱ ደካማ ነው? የጋቢናውን የነፋስ ፊልተር አውጡና ወደ ብርሃን ያዙት። ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት። በፒስታ መንገድ የሚሄድ መኪና ፊልተሩ ቶሎ ይደፈናል። መጀመሪያ ደህና ነፍቶ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ነፋሱ እየደከመ የሚሄድ፣ ለ15 ደቂቃ ኤሲውን ስታጠፉት ደግሞ የሚመለስ ከሆነ፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው፣ ነፋሱን የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር በረዶ እየሰራ ነው። ምክንያቱ የታፈነ ፊልተር፣ የተበላሸ የሙቀት ሴንሰር ወይም የቀነሰ ጋዝ ሊሆን ይችላል።

ነፋስ አለ፣ ግን ሙቅ ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ሂዱበት። ኮፈኑን ክፈቱ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ኤሲውን ይጫንላችሁ። ኮምፕረሰሩ ፊት ላይ ያለው ሳህን "ቀጭ" ብሎ ቺንጋው ከሚያዞረው ፑሊ ጋር መዞር አለበት። ፑሊው እየዞረ መሃሉ ቆሞ ከቀረ ኮምፕረሰሩ አልተነሳም። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ይሄ የሚነሳና የሚጠፋ ሳህን ስለሌላቸው በዚህ አትፈርዱባቸውም።

ካልተነሳ ፊውዙን እዩ፣ ቀጥሎ ሪሌውን። ሪሌ ለመፈተን ቀላሉ መንገድ በሳጥኑ ውስጥ ካሉት ላዩ ላይ አንድ አይነት ቁጥር የተጻፈበትን፣ ብዙ ጊዜ የጡሩንባውን፣ ማቀያየር ነው። ተቀያይሮ ኤሲው ከሰራ ጥፋቱን አገኛችሁ። ካልሰራ ወደ ኮምፕረሰሩ የምትሄደውን ሽቦ ሶኬት ነቅላችሁ ኤሲው በርቶ ለኩ። 12 ቮልት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ካለ ኤሌክትሪኩ ደርሷል፣ ጥፋቱ ኮምፕረሰሩ ጋ ነው። ሞተሩን አጥፉና ሳህኑን የሚስበውን የማግኔት ኮይል በኦም ለኩት፤ አብዛኛው ከ3 እስከ 5 ኦም ያሳያል። ጭራሽ ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል፣ ኮምፕረሰሩን ሙሉ በሙሉ ሳይቀይሩ ኮይሉን ብቻ መቀየር በብዙ መኪና ይቻላል። ይሄን እወቁ፣ ምክንያቱም "ኮምፕረሰሩ ሞቷል" ብሎ ሙሉውን የሚያስገዛ አይጠፋም። ጠዋት ሰርቶ ሞተሩ ሲግል የሚቆም ከሆነ ደግሞ በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው መሆን ያለበት፤ ከዚያ በጣም ከሰፋ ማግኔቱ መሳብ ያቅተዋል።

ቮልት ካልደረሰ ምናልባት የግፊት መቆጣጠሪያው ሆን ብሎ ቆርጦት ነው። ጋዝ በጣም ሲቀንስ ኮምፕረሰሩ እንዳይነሳ የሚያደርገው እሱ ነው። አንዳንዶች ሁለቱን ሽቦ በቀጥታ አገናኝተው ያስነሱታል። እባካችሁ አታድርጉት። ጋዝ ከሌለ ዘይትም አይዞርም፣ ኮምፕረሰሩ ደርቆ ይነክሳል፣ ብረቱ ተፈጭቶ መስመሩን በሙሉ ያበላሻል። ጌጅ (የጋዝ ግፊት መለኪያ) ያለው ሰው ካገኛችሁ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ አስለኩት። በ25 ዲግሪ አካባቢ አር 134 ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ያሳያል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ጋዙ ወጥቷል። 80 አሳየ ማለት ግን ሙሉ ነው ማለት አይደለም፤ ትንሽም ፈሳሽ ጋዝ ካለ ያንኑ ያነባል።

ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል

በየጥቂት ሰከንዱ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ኮምፕረሰር አብዛኛውን ጊዜ ጋዝ አንሶታል። የሚያፈስበትን ፈልጉ። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ አቧራ የተለጠፈበት ቅባት ያለው ማያያዣ ካያችሁ እዚያው ነው። የኮንደንሰሩን (ከራዲያተሩ ፊት ያለው፣ የጋዙን ሙቀት የሚያወጣው ክፍል) ታች፣ የቱቦ መገጣጠሚያዎችን፣ የመሙያ ቫልቮቹን ክዳን እዩ። የሳሙና አረፋ ቀቡና ጠብቁ። በጣም ቀስ የሚል ፍሳሽ በሳሙና አይታይም፤ ለሱ በልዩ መብራት የሚበራ ቀለም መስመሩ ውስጥ ይጨመራል።

ፍሳሽ ይደፍናል ተብሎ የሚሸጥ ኬሚካል እኔ አልመክርም፤ ቀጫጭን መተላለፊያዎችን ሊዘጋና በኋላ የሚሞላላችሁን ሰው ማሽን ሊያበላሽ ይችላል። በሚቀጣጠል ጋዝ፣ በምግብ ማብሰያው አይነት፣ ይሞላላችሁ የሚል ካለ ጥላችሁ ውጡ። ፍሳሹ ወደ ጋቢና ከገባ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ትራፊክ ላይ ይሞቃል

ይሄ ምልክት ወደ ፋኑ ነው የሚጠቁመው። ስትነዱ ነፋሱ ራሱ ኮንደንሰሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ስትቆሙ ግን ስራው የፋኑ ነው። ኤሲውን አስነሱና እዩ፣ በአብዛኛው መኪና ፋኑ ወዲያው ወይም ትንሽ ቆይቶ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ሶኬት፣ በመጨረሻ የፋኑ ሞተር ይታይ። በብዙ መኪና ይሄው ፋን ራዲያተሩንም ስለሚያቀዘቅዝ ነገ ዛሬ አትበሉ፣ ሞተር ታግላላችሁ።

ፋኑ የሚሰራ ከሆነ ኮንደንሰሩን እዩት። ጭቃ፣ ነፍሳት፣ ቅጠል፣ አንዳንዴ የተለጠፈ ፌስታል ይገኛል። በቀላል የውሃ ግፊት እጠቡት። የመኪና ማጠቢያው ጠንካራ ግፊት ስስ ክንፎቹን ያጣምማቸዋል።

ኤሲ ሲበራ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱ ይደበዝዛል

ባትሪውን ለኩ። መኪናው አድሮ ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ሲሰራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ጥሩ ነው። ኤሲውን፣ የፊት መብራቱንና ነፋሱን አንድ ላይ አብሩና ድገሙት፤ ከ13 በታች ከወረደ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ይታይ። ቺንጋው ኤሲ ሲነሳ የሚጮህ ከሆነ ላልቷል ወይም አርጅቷል። የባትሪውን ጫፎች ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዛቸው በሙቅ ውሃና በሶዳ አጽዱ፣ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ንቀሉ። ከኔጌቲቩ ወደ ቦዲና ወደ ሞተር የሚሄደው ገመድ ዝጎ ከሆነ ደግሞ እንቆቅልሽ የሆነ ጥፋት ሁሉ ይፈጥራል። ሞተሩ እየሰራና ሁሉም እየበራ በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል ለኩ፣ ከ0.2 ቮልት በላይ ካለ ገመዱን አጽዱና አጥብቁ። ቮልቱ ደህና ሆኖ ሞተሩ ኤሲ ሲነሳ ሊጠፋ የሚል ከሆነ የአየር ማስገቢያው ጉሮሮ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል፣ በሱ ማጽጃ ስፕሬይ ይጸዳል።

የቀሩት ትንንሾቹ፦ ከተሳፋሪው እግር ስር ምንጣፉ ከረጠበ የኤሲው ውሃ መውጫ ቱቦ ተደፍኗል፤ ከመኪናው ስር ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ጤና ነው። የሻገተ ሽታ ከሆነ ፊልተሩን ቀይሩ፣ ከመድረሳችሁ ጥቂት ደቂቃ በፊትም ኤሲውን አጥፍታችሁ ነፋሱን ብቻ ተዉት። ጣፋጭ ሽታ ከጉም ጋር ከመጣ የራዲያተር ውሃ ወደ ጋቢናው እየፈሰሰ ነው፣ ፈጥናችሁ አስዩት።

ይሄን ሁሉ አይታችሁ ጋዝ መሆኑ ከተረጋገጠ ጋራዥ ሂዱ። መጀመሪያ ፍሳሹ ይጠገን። ከዚያ መስመሩ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በቫኪዩም ፖምፓ ይሳብ፣ ተዘግቶም ቫኪዩሙን ይዞ ይቆይ። የሚሞላው መጠን ኮፈኑ ስር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ በግራም ተጽፏል፤ በግምት አይሞላም፣ ከልክ በላይ የተሞላም አያቀዘቅዝም። ሲጨርሱ ቴርሞሜትራችሁን መሃለኛው የነፋስ መውጫ ላይ ሰክታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ካሳየ ክፈሉ።