መናገር ያቃተው የስትሮክ ታማሚ ድብርት እንደያዘው በምን ይታወቃል?

እማዬ ስትሮክ ከመታት ወዲህ የሚወጣላት ቃል «እሺ» ብቻ ነው። ራበሽ? «እሺ።» አመመሽ? «እሺ።» እንዲህ ያለን ሰው «ከፍቶሃል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን የትም አያደርስም። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ከ3ቱ 1 ያህሉ ድብርት ይይዛቸዋል። መናገር ላቃተው ደግሞ አስታማሚው ካላየለት ማንም አያውቅለትም።

ስለዚህ ውሎና አዳሩን ልብ በሉ። ሌሊት ነቅቶ ያድራል? ምግብ ይገፋል? የሚወደው ሰው ሲመጣ ዓይን ለዓይን መተያየት ይሸሻል? ፊዚዮቴራፒ ሲባል እጁን ይሰበስባል? እኔን ያስደነገጠኝ የማበጠሪያው ነገር ነው። እማዬ ፀጉሯን በደህናው በግራ እጇ ራሷ ካላበጠረች ደስ አይላትም። አንድ ሰሞን ግን ማበጠሪያውን ሳቀብላት ጭኗ ላይ ጣል ታደርገውና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሰውየውን ከሌላ ታማሚ ጋር አታወዳድሩት። ባለፈው ሳምንት እሱ ራሱ እንዴት ነበር? መለኪያው ይሄ ነው።

ለቅሶ ሁሉ ድብርት አይደለም። ስትሮክ ስሜት መቆጣጠርን ስለሚያውክ ሰው ሳያዝንም ድንገት ሊያለቅስ ይችላል፤ ወሬው ሲቀየር ወዲያው ያቆማል። ድብርት ግን ቀኑን ሙሉ አይለቅም። ድንገት ግራ መጋባት ወይም መፍዘዝ ከመጣ ግን ሌላ ህመም ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ሐኪም ይየው።

መጠየቅም ይቻላል። ራሱን እየነቀነቀ የሚመልስ ከሆነ መጀመሪያ መልሱን የምታውቁትን ጠይቁት። አንዴ በትክክለኛ ስሙ፣ አንዴ በሌላ ስም «ስምህ እንዲህ ነው?» በሉት። ሁለቱንም ከለየ ስለ ስሜቱ ጠይቁት። ካልለየ የሚስቅና ያዘነ ፊት ወረቀት ላይ ሳሉለትና በጣቱ ያመልክት። ፊቶቹን ከላይ ወደ ታች ደርድሯቸው። ስትሮክ አንዱን ጎን እንዳያስተውል ሊያደርገው ስለሚችል ጎን ለጎን ከሆኑ አንደኛው ሊያመልጠው ይችላል።

ያያችሁትን በየቀኑ በአጭሩ ጻፉ። 2 ሳምንት ከዘለቀ ወረቀቱን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። በታማሚው ፈንታ አስታማሚ የሚሞላው መጠይቅ እንዳለም ጠይቁ፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ አለ። «ስትሮክ የመታው ሰው ቢከፋው ምን ይገርማል» ብሎ የሚሸኛችሁ ካጋጠማችሁ እሺ ብላችሁ አትመለሱ። ድብርቱ ይታከማል፤ ሲሻለውም ለፊዚዮቴራፒውና ለንግግር ህክምናው አቅም ያገኛል። ምግብና መድኃኒት ጨርሶ እምቢ ካለ ወይም ራሱን ሊጎዳ ሲሞክር ካያችሁ 2 ሳምንት አትጠብቁ፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት።