የአራስነት ሳምንታት የጡት ሕመም፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አራስ ጥየቃ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ከሚያመጣው ሁሉ ደግሞ ምክሩ ይበዛል። ስለ አጥሚቱ ቅጥነት፣ ስለ ገንፎው ቅቤ፣ ስለ ሕፃኑ አተኛኘት ሁሉም የሚለው አለው። አራሷ ልጇን ጡት ባስያዘች ቁጥር ትንፋሿን ውጣ፣ የእግሯን ጣቶች ቆልምማ እንደምትቀመጥ ግን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ልብ ያለችውም ሴት «ሁላችንም አልፈንበታል፣ ቻይው» ብላት ወደ ቡናዋ ትመለሳለች።

በእነዚህ ሳምንታት የሚመጣው የጡት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የሚታወቅ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሊሻል የሚችል ነው። ሁሉም ሰው የሚያክመው ግን የቆሰለውን የጡት ጫፍ ነው፤ ጫፉን ያቆሰለው የሕፃኑ አጎራረስ መሆኑን የሚመረምር ያንሳል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

ሕመምን ሁሉ «ያለ ነው» ብሎ መሸከም

ያለ ሕመም በእርግጥ አለ፤ እሱን መካድ አራሷን ማታለል ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕፃኑ ጡት እንደያዘ ጫፉ ስለሚለጠጥ ለግማሽ ደቂቃ ወይም ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ከዚያ ይለቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ጠንከር ይልና እየቀነሰ ይሄዳል። ሌላው ልጁ ሲጠባ ሆድ ላይ እንደ ምጥ የሚመጣው ቁርጠት ነው። ሕፃን ሲጠባ የእናቲቱ አካል ኦክሲቶሲን የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ወተቱን ወደ ጫፍ የሚገፋውም፣ ማህፀንን የሚያኮማትረውም እሱ ነው። ቁርጠቱ ሁለተኛና ሦስተኛ ልጅ በወለዱ እናቶች ላይ ይብሳል። ማህፀን ወደ ቦታው እየተመለሰ፣ የደም መፍሰሱም እየቀነሰ መሆኑን ያሳያልና አትደንግጪ። ፓራሲታሞል ብትወስጂ ጡት ከማጥባት አያግድሽም። የጨጓራ ቁስለት ወይም አስም ለሌለባት እናት አይቡፕሮፌንም እንዲሁ ነው። አስፕሪንና ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትንኪ።

ቻይው የማይባለው ሕመም ሌላ ነው፦ ሕፃኑ ጠብቶ እስኪጨርስ የማይለቅ፣ ጫፉን የሚሰነጥቅ ወይም የሚያደማ፣ ትናንት ከነበረው ዛሬ የሚብስ። ለመለየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። ልጁ ጡቱን እንደለቀቀ ወዲያውኑ ጫፉን ተመልከቺ። ሲገባ ድቡልቡል የነበረ ጫፍ ሲወጣም ድቡልቡል መሆን አለበት። ተጨፍልቆ፣ በአንድ በኩል ሾጥጦ ወይም መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ተሰምሮበት ከወጣ፣ ልጁ ጡት ሳይሆን ጫፍ ነው የጎረሰው።

ጡት ማስያዝን ጫፉን አፍ ውስጥ ማስገባት አድርጎ ማየት

አፉን ለገጠመ ሰው ጉርሻ የሚሰጥ የለም። ሕፃን ሲሆን ግን ይህን እንረሳለን፤ ከንፈሩን ገርበብ ሲያደርግ ጫፉን እንሸጉጥለትና መጥባት ጀመረ ብለን እናርፋለን። እሱም ይጠባል፤ ግን የጡቱን ጫፍ በምላሱና በጠንካራው ላንቃው መካከል እያሸ ነው። በደንብ የጎረሰ ሕፃን ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ካለው ጠቆር ያለ ክብ አብዛኛውን አፉ ውስጥ ያስገባል። ያን ጊዜ ጫፉ ወደ ኋላ፣ ላንቃው ወደሚለሰልስበት ይደርስና መታሸቱ ይቀራል። ወተቱም በደንብ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ጫፍ ብቻ የያዘ ልጅ እናቱንም ያቆስላል፣ እሱም ሳይጠግብ ይውላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጁን ሆዱ ከሆድሽ ጋር እስኪገጥም ወደ ራስሽ አዙሪው፤ አንገቱን ጠምዝዞ መጥባት የለበትም። አፍንጫው ከጡትሽ ጫፍ ትይዩ ይሁን፤ አፉ አይደለም፣ አፍንጫው። በጫፉ የላይኛውን ከንፈሩን ዳሰስ አድርጊና ጠብቂ። ይህ መጠበቅ ነው የሚከብደው፤ ልጅ እያለቀሰ፣ እናትሽ አጠገብሽ ቆማ «ስጪው እንጂ!» እያለች መጠበቅ ቀላል አይደለም። አፉን እንደ ማዛጋት አድርጎ ሲከፍት ግን ልጁን ፈጠን አድርገሽ ወደ ጡትሽ አምጪው። ጡቱን ወደ ልጁ አትውሰጂ። አገጩ ቀድሞ ጡትሽን ይንካ። ስትይዢው አንገቱንና ትከሻውን ደግፊ እንጂ የራሱን ኋላ አትግፊ፤ ጭንቅላቱ የተገፋ ሕፃን ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ይቆጣል፣ አፉንም ይገጥማል።

በደንብ መጉረሱን በዓይንሽ ታያለሽ። አፉ ሰፍቶ ተከፍቷል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል፣ አገጩ ጡትሽ ላይ ተጣብቋል፣ ከጠቆረው ክብ የሚታየው ክፍል ከአፉ በታች ሳይሆን ከአፉ በላይ ይበዛል። ጉንጩ እየተሰረጎደ የምላስ ቀጭታ የምትሰሚ ከሆነ አልያዘም።

አቀማመጥሽም የራሱ ድርሻ አለው። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ፣ ትከሻዋን አኮማትራ የምታጠባ እናት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዷ ይዝላል፤ ክንዷ ሲዝል ልጁ ወደ ታች ይንሸራተትና የያዘውን ጡት ትቶ ጫፉ ላይ ይቀራል። ጀርባሽን አስደግፊ፣ ልጁን በትራስ ወይም በተጣጠፈ ብርድ ልብስ ከፍ አድርጊ። በቀዶ ሕክምና የወለድሽ ከሆነ ልጁ ቁስሉ ላይ እንዳይተኛ በብብትሽ ሥር፣ እግሮቹን ወደ ጀርባሽ አድርገሽ ያዢው፤ ወይም በጎንሽ ተኝተሽ አጥቢ። ጡትን በሁለት ጣት እንደ መቀስ ቆንጥጦ መያዝ የለመደብን ነው፤ ጣቶቹ ጫፉ አጠገብ ከሆኑ ግን ልጁ እንዳይጎርስ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። ከታች በመዳፍሽ ደግፊው።

የሚያም ጡትን መንጭቆ ማላቀቅ

ካመመሽ አቋርጠሽ እንደገና ማስያዝ ትክክል ነው፤ አሥር ጊዜም ቢሆን። ነገር ግን ልጁ እየሳበ ሳለ ጡቱን አትንጠቂው። ንጹሕ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ በድዶቹ መካከል አስገቢ፤ አየር ሲገባ ይለቃል።

«ጡቱ ይረፍ» ብሎ ጡጦ መስጠት

የቆሰለ ነገር ይረፍ ማለት የሚያሳምን ምክር ነው። ለጡት ግን ብዙ ጊዜ ሕመም ይጨምራል። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ከወለድሽ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ እንገሩ ወደ ወተት ይለወጥና መጠኑ ይጨምራል። በዚህ መሐል ሌሊቱን በጡጦ ከተኛ፣ ያልወጣው ወተት ጡቱን ያግታል። ያጋተ ጡት ደግሞ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ ጫፉም ጠፍጥፎ ልጁ የሚጎርሰው ያጣል። ጠዋት የሚራበው ልጅ ያንኑ የተወጠረ ጫፍ ሲያኝክ ቁስሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ የሚያገኙት 58 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ሌሎቹ ውኃና ሌላ ወተት የጀመሩበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሕመም አንዱ እንደሆነ ከአራሶች ጋር የዋለ ሁሉ ያውቃል።

ጡትሽ አጋቶ ልጁ አልይዝ ካለ ይህን ሞክሪ። የአምስቱን ጣቶችሽን ጫፎች በጡቱ ጫፍ ዙሪያ አስቀምጪና ወደ ደረትሽ አቅጣጫ ለአንድ ደቂቃ ያህል በዝግታ ተጫኚ። እብጠቱ ወደ ኋላ ይሸሽና ዙሪያው ይለሰልሳል። ከዚያ በእጅሽ ጥቂት አልበሽ ወዲያው አስይዢው። ከጠባ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር አድርጊበት። አዎ፣ ቀዝቃዛ። አራስን ብርድ ይመታታል የሚለውን አውቃለሁ፤ ጡት ላይ ለአሥር ደቂቃ የሚቀመጥ ቀዝቃዛ ጨርቅ ግን እብጠት ይቀንሳል እንጂ በሽታ አያመጣም።

ቁስሉ ከብዶ ፈጽሞ ማጥባት ካልቻልሽ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያንኛውን ጡት በእጅሽ እያለብሽ ለልጁ በንጹሕ ኩባያ ወይም በማንኪያ ስጪው። ጡጦ የግድ አይደለም፤ እንገርም አይደፋም።

ሙልጭ አድርጎ ማለብና በኃይል ማሸት

ይህ የፊተኛው ተቃራኒ ነው፤ ውጭ አገር ባሉ እናቶች ዘንድ ደግሞ ይበረታል። በአሜሪካ የጤና መድን የጡት ማለቢያ መሣሪያን እንዲሸፍን በሕግ ስለተደነገገ፣ ብዙዎች ልጁ ሳይወለድ መሣሪያው እጃቸው ይገባል። ከእያንዳንዱ ማጥባት በኋላ «እንዳይቋጠር» ብሎ ማለብ ግን ጡቱን ሌላ ልጅ ያለ ያስመስለዋል፤ ብዙ ወተት ይሠራል፣ መልሶም ያግታል። የመሣሪያው አፍ ለጫፍሽ ልክ ካልሆነም ራሱ ያቆስላል።

ማሸትም እንደዚሁ ነው። ጠንካራ እብጠት ሲገኝ በቅቤ ወይም በዘይት በጉልበት ማሸት «ይፈርሳል» ተብሎ ይታመን ነበር። የጡት ማጥባት ሕክምና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻሉት መመሪያ በኃይል ማሸት ጥልቅ ጉዳትና ተጨማሪ እብጠት እንደሚያስከትል አስጠንቅቀዋል። እጅ ቢነካው እንኳ ቆዳን ዳበስ የሚያደርግ ያህል፣ ከጫፉ ወደ ብብት አቅጣጫ ይሁን።

ያገኙትን ሁሉ መቀባት

ጫፉን ከእያንዳንዱ ማጥባት በፊትና በኋላ በሳሙና ወይም በአልኮል መጥረግ ንጽሕና ይመስላል። በጠቆረው ክብ ላይ ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ግን ቆዳውን የሚያለሰልስ ቅባት ያመነጫሉ፤ ሳሙና እሱን አጥቦ ቆዳውን ያደርቀዋል። በቀን አንድ ጊዜ ገላ ስትታጠቢ የሚነካው ውኃ ይበቃል። ሬት ልጅ ጡት ለማስጣል የምንጠቀምበት መራራ ነገር ነው፤ ለቁስል ተብሎ ጫፍ ላይ ሲቀባ ልጁ ጡቱን ቢሸሽ ምን ይደንቃል? ቅቤም ወደ አራስ ልጅ አፍ መግባት የለበትም። የራስሽን ወተት ጠብታ ቀብተሽ አየር ላይ ማድረቅ፣ ካገኘሽም የተጣራ ላኖሊን (ከበግ ፀጉር የሚገኝ ቅባት) ስስ አድርገሽ መቀባት በቂ ነው። የራሰ ጨርቅ ጡት ላይ አታቆዪ።

ልጁ ሲለቅ ጫፉ ነጭ ሆኖ፣ ቀጥሎ ወደ ሰማያዊ እያደላ የሚነድሽ ከሆነ የደም ሥሮች መኮማተር ሊሆን ይችላል። ደብረ ብርሃንም ሆነ ሚኒሶታ ብርድ ያብሰዋልና ወዲያው በደረቅ ሞቅ ያለ ጨርቅ ሸፍኚው።

እንጥል ማስቆረጥ

«ልጁ እንጥሉ ወርዶ ነው የማይጠባው» ተብሎ ሕፃን ወደ ባህላዊ ቆራጭ የሚወሰድበት ቤት ዛሬም አለ። ይህን በዝርዝር ማስረዳት አያስፈልግም። እንጥል ጡት መያዝን አይከለክልም፤ ቆረጣው ግን ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና ሞት አስከትሏል። ድድ ውስጥ «ግግ» አለ ብሎ ያልወጣ ጥርስ መንቀልም ከዚሁ አይለይም። ከምላስ ሥር ያለው ስስ ክር አጭር ሆኖ ምላሱን የሚያስረው ችግር ግን እውነተኛ ነው፤ እሱን የሚለየው የጤና ባለሙያ ነው።

የአራስን ትኩሳት «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ መፈለግ

ስህተቶቹን በአደገኛነት ብደረድር ኖሮ ይህን ከፊት አስቀድመው ነበር። ከጡት አንዱ ክፍል ቀልቶ፣ ሞቆና ጠንክሮ፣ ሰውነት እየቆረጠመ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ሲመጣ የጡት ብግነት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ማጥባት አይቆምም፤ ወተቱ ልጁን አይጎዳውም፣ ድንገት ማቆም ግን መግል እስከ መቋጠር ሊያደርስ ይችላል። እያጠባሽ፣ እያረፍሽ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅና የሕመም ማስታገሻ ተጠቅመሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተሻለሽ ወይም ከባሰብሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከታዘዘልሽ ሕመሙ ቢቀንስም ጨርሺው። ጡትሽ ላይ ምንም ሳይታይ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ካለሽ፣ ወይም ከማህፀን የሚወጣው ፈሳሽ ከሸተተ፣ ቀን አትቁጠሪ፤ የማህፀን ኢንፌክሽን አራስን በፍጥነት ይገድላል።

ኤችአይቪ በደሟ ያለባትና መድኃኒቷን እየወሰደች የምታጠባ እናትም ጫፏ ከደማ ወይም ጡቷ ካበጠ በዚያው ቀን ክትትል የምታደርግበትን ባለሙያ ታማክር፤ ቁስል ቫይረሱ ወደ ልጁ የመተላለፍ ዕድሉን ይጨምራልና በየትኛው ጡት እንደምትቀጥል መወሰን ያለበት ከእሱ ጋር ነው።

ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ልጁን አጥግበሽ አትውሰጂው። ባለሙያዋ ጡትሽን አይታ ቅባት ጽፋ ብቻ እንዳትሸኝሽ፣ «ሳጠባ እዪኝ» በያት፤ ከማስያዙ አንሥቶ ልጁ ራሱ እስኪለቅ ድረስ።