በአዩርቬዳ ክብደት ለመቀነስ ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በማለዳ ለብ ያለ ውሃ፣ ማርና ሎሚ። ስለ አዩርቬዳ የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚይዘው ይህንን ነው፤ ብዙው ሰውም እዚያው ላይ ይቆማል። ይህ ጥንታዊ የሕንድ ሕክምና ግን ስለ ውፍረት ሲያስተምር ብዙ የሚናገረው ስለ መብያ ሰዓት፣ ስለ መጠንና ስለ እንቅልፍ ነው።

ማርን እያበዙ ክብደት እንዲቀንስ መጠበቅ

በአዩርቬዳ ማር ካፋን፣ ማለትም ከባድና ቀዝቃዛ የሚባለውን የሰውነት ባሕርይ፣ ይቀንሳል ተብሎ ይታመናል። ያው ትምህርት ማር እንዳይሞቅ አጥብቆ ይከለክላል፤ ብዙዎች ግን የፈላ ውሃ ይደፉበታል። ክልከላውን ቢቀበሉም ባይቀበሉም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 60 ያህል ካሎሪ አለው። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ማንኪያ ቢወስዱ 240 ይደርሳል። ሎሚውም ስብ አያቀልጥም። ንጥር ቅቤም እንዲሁ ነው፦ «አዩርቬዳ ይፈቅዳል» ተብሎ ሲጨለፍ አንዱ የሾርባ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ ይይዛል።

ምሳን ዘሎ ማታ መጥገብ

ከሁሉ የሚጎዳው ይህ ይመስለኛል። አዩርቬዳ ምግብ የሚፈጨውን ኃይል አግኒ፣ እሳት፣ ይለዋል። እሳቱ የሚበረታው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው ብሎ ስለሚያምን ዋናውን ምግብ ቀትር ላይ ያደርጋል፤ እራት ቀለል ብሎ በጊዜ ይበላል። እኛ ቀኑን በቡናና በሻይ ገፍተን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሞሶብ እንከብና ከዚያ እንተኛለን።

ቻራካ ሳምሂታ የተባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ የወፍራም ሰው እሳት ስለሚበረታ ቶሎ ይርበዋል፣ ምግብ ሲዘገይበትም ይጎዳል ይላል። ስለዚህ መራብን አያዝም። የሚያዘው ሆድ የሚይዝ ግን የማያደልብ ምግብ ነው፤ ገብስና ማሾ ከሚጠቅሳቸው ውስጥ ናቸው። ገብስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቀትር ላይ ምስር ወጥ በጎመን፣ ማታ የገብስ ሾርባ ቢሆን ከሐሳቡ ጋር ይስማማል። መጠኑንም ይወቁ፦ የሆድ ግማሹ ለምግብ፣ ሩቡ ለፈሳሽ፣ ቀሪው ሩብ ባዶ እንዲሆን ይመከራል። በሰው ቤት የሚሠሩና ሰዓታቸውን መምረጥ የማይችሉ እህቶች ቢያንስ ከባዱን ምግብ ከመኝታቸው ያርቁት።

ከምሳ በኋላ መተኛት፣ ከዚያ በአንድ ቀን መሮጥ

የቀን እንቅልፍና እንቅስቃሴ ማጣት በመጽሐፉ ከውፍረት መንስኤዎች ተቆጥረዋል። ከበሉ በኋላ ትንሽ ይራመዱ። ስፖርት ሲጀምሩም የአቅምዎን ግማሽ ያህል ይሥሩ፤ ግንባር ሲያልብና በአፍ መተንፈስ ሲጀምሩ ለዕለቱ በቂ ነው ይላል ትምህርቱ። በመጀመሪያው ሳምንት ጉልበቱን ጎድቶ የተወ ሰው ይህን ምክር ቢሰማ ኖሮ ያሰኛል።

ዶሻን ከስልክ መጠይቅ መቀበል

አዩርቬዳ ዶሻ የሚላቸው የሰውነት ባሕርያት ሦስት ናቸው፦ ቫታ፣ ፒታና ካፋ። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ አሥር ጥያቄ አይወስንም። ባለሙያው የልብ ትርታን፣ ምላስንና አኗኗርን አይቶ ነው የሚናገረው። በድንገት የመጣ ውፍረት ደግሞ የእንቅርት ዕጢ ችግር ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ውጤት ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ይቅደም።

የአዩርቬዳ እንክብልን «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ መዋጥ

እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከሱቅ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። እርሳስ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፅንስንም ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ወይም የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ያለ ሐኪም አይንኩት፤ የታዘዘልዎትንም በራስዎ አያቋርጡ። ገዝተው ከሆነ ዕቃውን ከነመለያ ጽሑፉ ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩ።